ላፕቶፕ ከደሴ ይገዛ ወይስ ከአዲስ አበባ? ሲበላሽስ ስልኩን ማን ያነሳል?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ) — ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ምክር ጀባ በሉኝ።

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምትማረው። ዘንድሮ ሲቪል ምህንድስና ደርሷታል። ላፕቶፕ የግድ ሆነ። ያለኝ 45 ሺህ ብር ነው፤ ቢለጠጥ 48። በዚህ ብር አዲስ የታሸገ እንደማይቀመስ ገብቶኛል። ዩዝድ ነው የምገዛው። የቸገረኝ የትኛውን ሞዴል ልግዛ የሚለው ሳይሆን የት ልግዛ የሚለው ነው።

የማስተምረው ሐይቅ ነው። ደሴ ለእኔ ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን "ደሴ ገዝተህ አትቃጠል፤ እዚህ 5 ሺህ ብር ይቀንሳል፤ ገዝቼ በመኪና እልክልሃለሁ" ብሎ ይዞኛል።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለራሴ አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሰውየው ሲሸጥልኝ ማር ነበር። ውሃ በፕላስቲክ ጋበዘኝ። "የስድስት ወር ጋራንቲ አለህ፣ ምንም ቢኖር ደውል" ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። በ19ኛው ቀን ቻርጅ ማድረግ አቆመ። ደወልኩ። የመጀመሪያ ቀን "አምጣው" አለኝ። በማግስቱ "ቴክኒሻኑ የለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በጓደኛዬ ቁጥር ስሞክር ገና አንዴ ሲጠራ አነሳው! ድምፄን ሲሰማ "ቆይ መልሼ ልደውልልህ" ብሎ ዘጋው። ሦስት ዓመት እየጠበቅኩት ነው። ወረቀቱ መጽሐፍ ውስጥ ዕልባት ሆኖልኛል።

እና የት ልግዛ?

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ማክሰኞ፣ ማታ 2:58

አዲስ አበባ። አለቀ። ደሴ ያለው ዕቃ ራሱ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ አንድ ሰው ትርፍ ጨምሮበት። ለምንድነው ለደሴ ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የምንከፍለው?

---

የቦርከና ልጅ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

እኔ እዚያው ኮምቦልቻ አራተኛ ዓመት ነኝ። ስለ ሞዴል አልጠየቅክም፤ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። ሲቪል ማለት አውቶካድና ኢታብስ ነው፤ የንድፍና የሕንፃ ስሌት ፕሮግራሞች፣ ከባድ ናቸው። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ከ8 ጊጋባይት በታች እንዳይሆን፣ 16 ብታገኝ ደስ ይበልህ። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው) ይሁን። የድሮው ዓይነት ከሆነ አውቶካድ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል።

ዋናው ግን ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። በዚህ ምክንያት ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን እያወጡ ነው። ያ ሁሉ ወዴት የሚመጣ ይመስልሃል? "ኮር አይ 5 ነው" ሲሉህ አትደሰት። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እይ። 7200 ካለ 7ኛ ነው፣ ባለ ሁለት ኮር። 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ ባለ አራት ኮር። 1135 ካለ 11ኛ ነው። ሦስቱም "ኮር አይ 5" ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ፤ ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው።

---

ጠጋኙ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ጦሳ ሥር፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጥገና ላይ 11 ዓመቴ ነው። አልሸጥም፤ ስለዚህ የማንንም ሱቅ አላስተዋውቅልህም።

መጀመሪያ ስለ 5 ሺህ ብሩ። ላፕቶፕ በመኪና ሲላክ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ? በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ቻርጀሩ ክዳኑ ላይ ተጭኖ፣ ከሰው ሻንጣ ሥር ገብቶ። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ታርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ከሚሴ ላይ ዕቃ ወርዶ ዕቃ ተጭኖ። ባለፈው ክረምት አንዱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቆ መጣልኝ። ላኪው "ስልከው ደህና ነበር" ይላል። ረዳቱ "እንደሰጡኝ ነው ያወረድኩት" ይላል። ሻጩ "ከእጄ ወጥቷል" ይላል። ሦስቱም የማሉት እውነታቸውን ይመስለኛል። ስክሪኑን የገዛው ግን አራተኛው ሰው ነው።

እዚህም ገዛህ እዚያ፣ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለህ እይ። ሻጩ ከተጣደፈብህ ውጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።

ቻርጀሩን ንቀልና ዝም ብለህ በባትሪ ሥራበት። እየሠራህ ሲኤምዲ የሚባለውን ጥቁሩን መስኮት ክፈትና የባትሪ ሪፖርት አውጣ። ትእዛዙ "powercfg /batteryreport" ነው፤ ከስላሹ በፊት ክፍተት አለው። አንድ ገጽ አዘጋጅቶ የት እንዳስቀመጠው ይነግርሃል፤ ክፈተው። ሁለት ቁጥር ፈልግ፤ ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው፣ ሁለተኛው ዛሬ የቀረው። ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ሲወጣ 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ግድም ነው። ዛሬ 40 ሺህ ካለ ደህና ነው። 22 ሺህ ካለ የባትሪ ዋጋ አስቀንስ። ሻጩ "ባትሪው አሪፍ ነው፣ አራት ሰዓት ይቆያል" ሲልህ አትከራከር፤ ገጹን አሳየው።

ከዚያ ገልብጠው። ብሎኖቹን እይ። ጥርሳቸው የተላጠ ከሆነ ከአንተ በፊት ብዙ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ሲሪያል ቁጥር ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ የአንዱ ገላ ከሌላው ማዘርቦርድ ጋር ተጋብቷል። ባዮሱ ፓስወርድ ከጠየቀህ ተወው። በነጻ ቢሰጡህም ተወው።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር፤ የድርጅት የነበሩ ላፕቶፖች አሉ። ፎርማት ተደርገው ኢንተርኔት ሲያገኙ የማታውቀውን ድርጅት ስም አውጥተው "በመሥሪያ ቤት ኢሜይልህ ግባ" ይላሉ። ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት ሳይነካ ስለሚሸጥ አይታይም። እህትህ ጊቢ ሄዳ ፎርማት ስታስደርገው ነው ጉዱ የሚወጣው። እኔ ጋ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቱንም መልሼ ሰድጃለሁ። "ፎርማት አድርገህ፣ በስልኬ ዳታ አገናኝተህ ስጠኝ" በለው። እሺ ካለህ ጥሩ ምልክት ነው።

ክዳኑን በአንድ እጅ ክፈትና ዝጋው። ማጠፊያው ሲጥጥ ካለ ወይም ጠርዙ ላይ ፕላስቲኩ ከፈት ካለ፣ በሦስት ወር ውስጥ እንገናኛለን።

ኪቦርዱን ሁሉንም ፊደል ተጫን። የራስህን ፍላሽ ይዘህ ሂድና ቀዳዳዎቹን በሙሉ ሞክር። ካሜራ፣ ድምፅ፣ ዋይፋይ። ነጭ ገጽ ከፍተህ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ፈልግ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ማክሰኞ፣ ማታ 4:11

ወንድሜ፣ ይሄ ላፕቶፕ ግዢ ነው ወይስ ሽምግልና ተልኮ የሴት ልጅ ዘር ቆጠራ?

---

ጠጋኙ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:13

ዘር ሳይቆጥሩ ያገቡ ናቸው እኔን የሚቀልቡኝ።

---

ኡሙ ሐያት — ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ። እኔ ወልድያ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ላፕቶፕ ለእኔ እንጀራ ነው። አንድ ቀን ከቆመ የማመልከቻ አጻፊው ወረፋ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ የሄደ ደግሞ አይመለስም።

አንዱን በቴሌግራም አዝዤ ነበር። ፎቶው የሚያበራ፣ ዋጋው የሚያጓጓ። "ቅድሚያ ግማሹን ላኪ" አሉኝ፣ በቴሌብር ላክሁ። ዕቃው መጣ፣ አልክድም። ግን ፎቶው ላይ ያለው ብርማ፣ የመጣው ጥቁር። 16 ራም የተባለው 8። ስጽፍላቸው ማንበባቸውን የሚያሳየው ሁለት ጭረት ይመጣል፣ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን ከቻናሉ አስወጡኝ። ወላሂ የሳቅኩት ያኔ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ከቤት ይባረራል እንዴ?

ከዚያ በኋላ ሁለቱን የገዛሁት ደሴ ነው። ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ ነኝ። ሻጩ ፈገግታ የሚባል አያውቅም። እኔ እንደገባሁ "ምን ፈለግሽ" ነው ያለኝ፤ ሰላምታም የለ። ግን አንዱ በሁለተኛው ወር ስክሪኑ መስመር ሲሠራ፣ ወሰድኩለት፣ አየው፣ ምንም ሳይለኝ ሌላ አውጥቶ "ይህን ተጠቀሚ፣ ሐሙስ ነይ" አለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ተሠርቶ ነበር። ገንዘብ ስሰጠው ቆጣኝ።

እና ወንድሜ፣ ሻጭን በፈገግታው አትለካ። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ቅዳሜ አትሂድ። ቅዳሜ ሁሉም ሻጭ ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም እየሸጠ ነውና። ሰኞ ጠዋት ሂድ። ቅዳሜና እሑድ የተበላሸባቸው ሰዎች ሰኞ ጠዋት ነው የሚመለሱት። ቻርጀር ዋጋ የምትጠይቅ መስለህ ጥግ ቁም። ቅሬታ ይዞ የመጣውን ሰው እንዴት እንደሚያናግረው ስማ። ከዚያ በላይ ዋራንቲ የለም።

---

የቦርከና ልጅ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:02

የሰኞዋ ነገር 🔥

---

ሻጭ ነኝ — ረቡዕ፣ ቀን 7:15

ለወትሮው አንባቢ ነኝ፤ ዛሬ ግን ተነካሁ። ደሴ ሱቅ አለኝ። ስሜንም ሱቄንም አልጽፍም፤ ማስታወቂያ እንዳይመስል።

ጋራንቲ ስንላችሁ ምን ማለታችን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዩዝድ ላፕቶፕ ላይ የፋብሪካ ዋስትና የሚባለው ብዙውን ጊዜ አልፎበታል። የኤችፒም የዴልም የሌኖቮም ድረ ገጽ ላይ ሲሪያሉን ብታስገባ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳለቀ ይነግርሃል። ስለዚህ "ስድስት ወር ጋራንቲ" ማለት የእኔ ኪስ ነው። ማዘርቦርዱ ቢቃጠል የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ስልክ የማያነሳው ሻጭ ሌባ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቃል ሲገባ ኪሱን አላሰበበትም። አንዳንዱ ደግሞ አዎ፣ ሌባ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት ትርፍ ጨመሩበት ላልከው፣ አዎ ጨመርን። እኔ ከምገዛቸው አሥር ውስጥ አንዱ ሁለቱ እጄ ላይ ይሞታሉ። እነሱን የሚሸከመው ያ ትርፍ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ የሸጥኩበትን ብር ይዤ ስሄድ ያንኑ ዕቃ መልሼ የማልገዛበት ጊዜ ነበር።

የእናንተንም ጉድ ልናገር? "አልነካሁትም" ተብሎ የሚመጣ ላፕቶፕ ከፍተን ስናየው ኪቦርዱ ሥር ስኳር አለ። ስኳር! የሻይ ሽታው ሳይቀር። ሌላው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶት ቻርጀሩን ያቃጥላል፣ "ፎርጅድ ቻርጀር ሰጠኸኝ" ይለኛል። ውሃና መብራት የእኔ ጋራንቲ ውስጥ አይገባም። ይህንን ስሸጥ እናገራለሁ፣ ወረቀቱም ላይ አለ፤ ማንም አያነብም።

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ረቡዕ፣ ቀን 7:40

ደረሰኝስ? ስለ ደረሰኝ ምነው ዝም አልክ?

---

ሻጭ ነኝ — ረቡዕ፣ ቀን 7:52

መጣህ። እሺ። "በደረሰኝ ከሆነ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ይህን ያህል" የሚባለው ጨዋታ አለ። ልዩነቱ 15 በመቶው ቫት ነው። ደንበኛው ራሱ ነው "ያለ ደረሰኝ አድርግልኝ" ብሎ የሚለምነው። ከዚያ ሲበላሽ "ደረሰኝ አልሰጠኝም" ይላል።

---

ጡረተኛው — ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። የንግድ ጽሕፈት ቤት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ላፕቶፕ አላውቅም፤ ይህን የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው። ክርክሩን ግን አውቀዋለሁ። በእኔ ጊዜ በሬዲዮና በካሴት ማጫወቻ ነበር።

ሱቅ ሁሉ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ያ ወረቀት ሕግ አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ የበለጠ ዋስትና ከሰጠ እሱ ይጸናል። ከዚህም ቀድሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተሸጠ ዕቃ ጉድለት ደንግጓል። ነገር ግን ሲገዙ ያዩትን፣ ወይም ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ሊያየው የሚችለውን ጉድለት በኋላ ቢያነሱት አያስኬድም። ስለዚህ የጠጋኙ አንድ ሰዓት ለሕጉም ይጠቅማል።

ጠያቂው፣ ያንተ በ19ኛው ቀን ነበር። የ15 ቀኑ አልፎሃል፤ የስድስት ወሩ ወረቀት ግን ነበረህ። ዕልባት ከምታደርገው አቤቱታ ብታቀርብበት ይሻልህ ነበር። የት? ሱቁ ያለበት ከተማ ንግድ ቢሮ። ደሴ ቢሆን ኖሮ በእግርህ ትሄድ ነበር። አዲስ አበባ ስለሆነ ተውከው። ብዙ ሰው የሚተወው በዚህ ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

በስልክ የተባለ ጋራንቲ ጋራንቲ አይደለም። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። "ላፕቶፕ አንድ" ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ አይቻለሁ፤ የትኛው ላፕቶፕ ብሎ ይከራከራል። ክፍያውን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርግ፤ ግን ለሱቁ ወይም ለባለቤቱ ሒሳብ። "ለወንድሜ አካውንት ላክ" ካለህ አስብበት።

---

ጦሳ ሥር — ረቡዕ፣ ማታ 2:10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የ15 ቀኑን ነገር ባውቅ ኖሮ... ለማንኛውም እርስዎ እንዳሉት አደርጋለሁ።

ኡሙ ሐያት፣ ሰኞ አስተማሪ ነኝ እኮ! 😅 ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ክፍለ ጊዜ ተለዋውጠናል። የእሱን የዓርብ ከሰዓት እኔ እይዝለታለሁ። ዓርብ ከሰዓት 8ኛ ክፍል፣ ከእስፖርት በኋላ። ላፕቶፑ ከወዲሁ ተወደደብኝ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ረቡዕ፣ ማታ 2:25

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው። አንድ ፎቅ ላይ ሃያ ሱቅ ታያለህ። ደሴ "ያለው ይኼው ነው" ነው። ይህን ማንም አልመለሰልኝም።

---

ጠጋኙ — ረቡዕ፣ ማታ 2:31

ልክ ነህ። ለየት ያለ ነገር፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ወይም ማክ ከሆነ የምትፈልገው አዲስ አበባ ሂድ። ራስህ ሂድ ግን፣ አታስልክ። ኤሊትቡክና ላቲቲዩድና ቲንክፓድ ከሆነ ደሴ ሞልቷል፤ መለዋወጫውም አለ፤ እኔም አለሁ።

---

ጦሳ ሥር — ሰኞ፣ ማታ 3:00

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ቡና ያዙ።

ከጠዋቱ 3:00 ከእህቴ ጋር ደሴ ነበርን። የመጀመሪያው ሱቅ ገና ስንገባ "ስንት ይዛችኋል?" አለን። ምን ትፈልጋላችሁ አላለም። ወጣን።

ሁለተኛው ጠባብ ናት። መደርደሪያው ላይ ከላፕቶፕ ይልቅ የተፈታታ ላፕቶፕ ይበዛል። ኡሙ ሐያት እንዳለችው የቻርጀር ዋጋ ጠይቄ ጥግ ቆምኩ። እውነትም አንዲት ሴትዮ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። "ልጄ ነው የገዛው፣ ተኝቶ አልነሳም አለ" አለች። ሰውየው የሚሠራውን ትቶ ተቀበላት። ወንበር ሳበላት። ቻርጀሩን ነቀለ፣ ማብሪያውን ረዘም አድርጎ ተጫነ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ተጫነ። በራ። "እማማ ምንም አልሆነ፤ እንዲህ ሲያደርግ እንዲህ ይጫን በሉት" ብሎ በእሷ ጣት አስጫናት። ሁለት ጊዜ። "ስንት ልስጥህ?" ስትለው "ዱዓ አድርጉልኝ" አላት። እህቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

እዚያው ገዛን። ኤሊትቡክ 840 ጂ 5፣ 8250፣ ራም 16፣ ኤስኤስዲ 256። የባትሪ ሪፖርቱ 38 ሺህ አለ። ፎርማት አድርግልኝ ስለው ሳቀና "ማን አስተማረህ?" አለኝ። አደረገው። በእኔ ዳታ አገናኘን። የማንም ድርጅት ስም አልመጣም። በዚህ መሐል አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፤ እህቴ ሄዳ ሳምቡሳ ገዝታ መጣች። 47 ሺህ፣ በደረሰኝ፣ ሲሪያሉ ተጽፎ። ያለ ደረሰኝ ላድርግልህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የሚገርማችሁ እንከን ወዲያው ተገኘ። ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ቻርጅ ስናደርገው "ዝግተኛ ቻርጀር" የሚል ጽሑፍ አመጣ። ቻርጀሩ 45 ዋት ነው፣ ለዚህኛው 65 ነው የሚመከረው። ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል። ተመልሰን ሄድን። በእግር አሥር ደቂቃ። አየውና "ተቀላቅሎብኝ ነው" አለ፣ 65 አውጥቶ ሰጠን። ነገሩ በሦስት ደቂቃ አለቀ። አዲስ አበባ ቢሆን ለዚህ 400 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር? አልሄድም። በ45ቱ እየጠቀምን እንኖር ነበር።

---

ኡሙ ሐያት — ሰኞ፣ ማታ 3:12

ማሻአላህ! የፎጣዋ ሴትዮ ግን አንጀቴን በላችው። እህትህን እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ። ስታቢላይዘር ባትገዛ እንኳ መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ ንቀይው በላት፤ ሲመጣ ትንሽ ቆይታ ትሰካው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ሰኞ፣ ማታ 3:20

አዲስ አበባ በ43 ታገኘው ነበር። ብቻ እንኳን ደስ ያላችሁ።

---

ጦሳ ሥር — ሐሙስ፣ ማታ 1:45

ጠጋኙ አለህ? ተዋረድኩ።

ኪቦርዱን ሁሉንም ፊደል ተጭኜ ነበር፤ ሁሉም ይጽፋል። ዛሬ እህቴ ደወለች። የመጀመሪያ አሳይመንቷን ሽፋን በአማርኛ ስትጽፍ "ወሎ ዙኒቨርሲቲ" እያለ አስቸገራት። ዩ ስትል ዙ፣ ዝ ስትል ይ። ጓደኞቿ ሲስቁባት ውለዋል።

---

ጠጋኙ — ሐሙስ፣ ማታ 1:58

😂😂 አብሽር፣ አልተበላሸም። ላፕቶፑ ከጀርመን የመጣ ነው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዊንዶውሱ ደግሞ በአሜሪካኑ ተስተካክሏል። የምትጫነው ፊደልና የሚወጣው አይገጥምም። አንተ ሁሉም መጻፉን ነው ያየኸው እንጂ የትኛው ምን እንደሚጽፍ አላየህም። እኔም ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

በሁለቱ ቁልፎች ላይ ስቲከር መለጠፍ ነው። ሻጩ ጋ ደውል እስቲ መጀመሪያ።

---

ጦሳ ሥር — ሐሙስ፣ ማታ 2:20

ደወልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሲጠራ ልቤ ይመታ ነበር። በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። "ዙኒቨርሲቲ" ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ሙሉ ስቲከር አለኝ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ያለበት፤ ቅዳሜ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ ጊቢ በር ላይ እሰጣታለሁ" አለኝ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት — ሐሙስ፣ ማታ 2:24

የሱቁን አድራሻ በውስጥ ላክልኝ። ለጓደኛዬ ነው።